ከፎቶግራፍ ወደ ብር፦ የወሎን ጌጥ ከምስል መልሶ ለመሥራት

ቀድሞ ጌጥ ለማሠራት ወደ አንጥረኛ የሚሄድ ሰው የሚቀልጠውን ብር ይዞ ይቀርብ ነበር። ዛሬ ከብሩ ጋር ምስልም ይዞ ይቀርባል። ምስሉ አንዳንድ ጊዜ ከሣጥን የወጣ የአያት ፎቶግራፍ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከማኅበራዊ ሚዲያ ወደ ስልክ የወረደ የሙሽራ ምስል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በውጭ አገር ሙዚየም የተቀመጠ የጥንት ጌጥ ነው። ጥያቄው ግን ተመሳሳይ ነው፤ «ልክ እንደዚህ ያለ ሥራልኝ» የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ለመመለስ ግን ያስቸግራል። ፎቶግራፍ የጌጡን ፊት ሲያሳይ ጀርባውን ይደብቃል፤ ቅርጹን ሲያስረዳ ክብደቱን አይናገርም፤ ከብር ይሠራ ከነሐስም አያረጋግጥም። በሌላ በኩል ለብዙ የወሎ ቤተሰቦች ከአያት ከቅድመ አያት ጌጥ የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ዕቃው ተሸጧል፣ ቀልጧል ወይም ተዘርፏል። ስለዚህ ምስሉን በትክክል ማንበብ ከሙያ ጉዳይነት አልፎ የቅርስ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ሐይቅንና አምባሰልን ማዕከል አድርጎ ፎቶግራፍ ለጌጥ ሥራ ምን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ምን እንደሚጎድለው፣ ጉድለቱም እንዴት እንደሚሞላ ያብራራል።

ጌጥ እንደ ጥሪት

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ወደ አምባሰል ወረዳና ወደ ውጫሌ ያደርሳል። አካባቢው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶና ተዛምዶ የሚኖርበት ነው፤ የጌጡ ዓይነትም ይህንኑ ይመስላል። በአንገት ድሪ፣ ማርዳና ሐብል፤ በጆሮ ጉትቻና ሎቲ፤ በእጅ አምባርና ቀለበት፤ በእግር አልቦ፤ በጸጉር ወለባ ይደረጋል። ክርስቲያኑ በማተቡ ላይ የብር መስቀል ያንጠለጥላል። ክታብ የሚያዝበት የቆዳ ወይም የብር ማኅደር ደግሞ በሁለቱም እምነት ተከታዮች አንገት ላይ ይታይ ነበር።

በስተምሥራቅ ያለው የባቲ የሰኞ ገበያ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ሕዝብ የሚገናኝበት በመሆኑ የብር ጌጥና ዶቃ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገርበት ኖሯል። በዚህም ምክንያት አንድን ቅርጽ ለአንድ ወረዳ ወይም ለአንድ ሕዝብ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። በፎቶግራፍ ላይ የታየ ጌጥ ሐይቅ ላይ ተሠርቶ ባቲ የተሸጠ፣ ወይም ከባቲ መጥቶ አምባሰል የተደረገ ሊሆን ይችላል።

ለገጠር ቤተሰብ ጌጥ ጥሪትም ነው። ከብት መኖና ውኃ ይፈልጋል፤ እህል ይነቅዛል፤ ብር ግን ሣጥን ውስጥ ያለ ወጪ ይቀመጣል። ለልጅ ጥሎሽ ይሰጣል፣ ለበዓል ይደረጋል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጣል። ይህ ጠባዩ ነው ጌጡን ለጥፋት የሚያጋልጠው። ሲሸጥ የሚመዘነው ብሩ ነው፤ አንጥረኛው ያፈሰሰበት ጥበብ በሚዛን ላይ ቦታ የለውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረኀብ፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰቦች ከብታቸው ካለቀ በኋላ የቀራቸውን ንብረት፣ ጌጣቸውንም ጭምር እየሸጡ እህል ሸምተዋል።

ጌጡ የተሠራበት ብር ራሱ ከሌላ ዕቃ የቀለጠ ነው። የአገራችን አንጥረኞች ዋነኛ የብር ምንጭ ሕዝቡ ጠገራ ብር የሚለው የማሪያ ትሬዛ ገንዘብ ነበር። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ይህም በአንዱ ጠገራ ብር ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ ማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ ያሳተሙትና 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን የያዘው ብርም በክብደትና በመጠን ለጠገራው በጣም የቀረበ ነው። ጠገራ ብር በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አዲስ ገንዘብ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ሲገበያዩበት ቆይቷል። ገንዘቡ ቀልጦ ጌጥ ሆነ፤ ጌጡም በተራው ቀልጦ ሌላ ጌጥ ሆነ። በዚህ ዑደት ውስጥ የሚቀረው ብሩ ነው፤ የሚጠፋው ንድፉ ነው።

የተበተነው ጌጥና የቀረው ምስል

የደቡብ ወሎ ቅርስ በአንድ ጊዜ በብዛት የተበተነው በመቅደላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ዘውድ፣ ጽዋ፣ የብራና መጻሕፍት፣ አልባሳትና ጌጣ ጌጥ ይዞ ሄዷል። ከዚያው ጦር ጋር ከመሐንዲስ ክፍሉ የተመደቡ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ያነሷቸው ምስሎችም ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች መካከል ናቸው። ዕቃው ከአገር የወጣበትና የፎቶግራፍ ካሜራ የገባበት ዘመቻ አንድ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ለንደን የሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ የወርቅ ዘውዱን፣ ጽዋውን፣ የንግሥቲቱን ቀሚስና ጌጣ ጌጥ ከዘመቻው ፎቶግራፎች ጋር አቅርቧል። የዚህ ሁሉ ንብረት ባለቤት የሆነው አገር ሰው አብዛኛው እነዚህን ጌጦች ሊያይ የሚችለው በምስል ብቻ ነው።

ከአምባሰል ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ታዋቂ ምስል የእቴጌ መነን አስፋው ነው። አባታቸው የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስህን ናቸው፤ በደሴ የሚገኘው ታዋቂ ትምህርት ቤትም በወይዘሮ ስህን ስም ይጠራል። እቴጌ መነን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ዘውድ ሲጭኑ በርካታ ፎቶግራፎች ተነሥተዋል። እቴጌዪቱ በስደት ዘመን በገቡት ስእለት መሠረት ከድል በኋላ የዘውድ በዓላቸውን ዘውድ ለቤተ ልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን ሰጥተዋል። በምትኩ ተመሳሳይ ዘውድ ቢሠራላቸውም ጭነውት አልታዩም። የመጀመሪያው ዘውድ የነበረውን ትርጉም አምሳያው ሊይዝ አልቻለም። ይህ ታሪክ ከምስልም ሆነ ከናሙና ጌጥ ለሚያሠራ ሁሉ ትምህርት አለው፤ የተቀዳው ቅርጽ የዕቃውን ታሪክ አብሮ አይቀዳም።

የአገር ውስጥ የፎቶግራፍ ሀብትም ሰፊ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ልጆቹ ለቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነው አገልግለዋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1860 እና በ1928 ዓ.ም. መካከል የተነሡ ምስሎችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አሳትመዋል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በሙዚየሙ መስቀሎችንና ጌጦችን ይዟል።

በሐይቅ ደግሞ ቀደም ያለ ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መምህር አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል በሥዕል ከተዋቡ የኢትዮጵያ ብራናዎች ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ይህ ወንጌል ተነሥቶ ለጥናት በቅቷል። ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት በመሆኑ ለሴት ተመራማሪም ሆነ ለሴት ባለሙያ ቅርሱን ማያ ብቸኛው መንገድ ፎቶግራፍ ነው። የብራና ምስል ከተነሣ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይነበባል። ለጌጥ ግን እንዲህ ያለ የተደራጀ የምስል ሥራ በገጠሩ አልተካሄደም። የአካባቢውን ታሪክ የያዘው የደሴ ሙዚየምም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ዘረፋና ጉዳት ደርሶበታል። በግለሰብ ቤት ሣጥን ውስጥ ያሉ ፎቶግራፎች ዋጋቸው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ፎቶግራፍ የሚያሳስትባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው ቀለም ነው። የጥንት የፎቶግራፍ መስታወትና ፊልም ሰማያዊን አጉልቶ፣ ቢጫንና ቀይን አጨልሞ ይቀርጽ ነበር። በእነዚያ ምስሎች ላይ ቀይ ዶቃ ጥቁር ይመስላል፤ ሰማያዊ ጨሌ ነጭ ሊመስል ይችላል፤ ወርቅ ከብር ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ «በፎቶው ላይ ጥቁር ዶቃ አለ» ተብሎ ጥቁር ዶቃ ከተገዛ ሥራው ከመነሻው ሊሳሳት ይችላል። በእጅ ቀለም የተቀቡ የፎቶ ቤት ምስሎችም አያስተማምኑም፤ ቀለሙ የቀቢው ምርጫ ነውና።

ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። ምስሉ ከኔጌቲቭ ሲታተም ወይም በስልክ ካሜራ ሲነሣ ግራና ቀኙ ሊገለበጥ ይችላል። በምስሉ ላይ ጽሑፍ ካለ ፊደሉ ይናገራል። ከሌለ የቁልፍን፣ የነጠላ አጣጣልን ወይም የአምባርን ቦታ ከሌላ ምስል ጋር ማነጻጸር ይበጃል።

ሦስተኛው ዘመን ነው። በድሪ ላይ የተንጠለጠለ ጠገራ ብር 1780 የሚል ዓመት ስላለበት ጌጡ የዚያን ዘመን ነው ማለት አይቻልም። ማሪያ ትሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ገንዘቡ በዚያው ቀን ሳይለወጥ በተለያዩ አገሮች እስከ ቅርብ ዘመን ታትሟል። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑም መረሳት የለበትም።

አራተኛው ባለቤትነት ነው። ፎቶ ለመነሣት ጌጥ መዋዋስ ያለ ነገር ነው። አያት በምስሉ ላይ ያደረጉት ድሪ የጎረቤት ወይም የሚዜ ሊሆን ይችላል። ከቤተሰቡ አረጋውያን አንዱን መጠየቅ ይህን ያጠራል። አረጋውያኑ የጌጡን የአካባቢ ስም፣ በየትኛው በዓል እንደሚደረግና ማን እንደሠራውም ሊናገሩ ይችላሉ።

አምስተኛው የዘመናችን ችግር ነው። ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚገኙ ምስሎች ብዙ ጊዜ በማጣሪያ ቀለም የተቀየሩ ናቸው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ «የጥንት ኢትዮጵያ» ምስሎችም በርክተዋል። በእነዚህ ላይ የሚታየውን ጌጥ በጥንቃቄ ለሚመረምር ሰው ሰንሰለቱ መነሻና መድረሻ የለውም፤ የመስቀሉ ክንፎች አይመሳሰሉም፤ ጉትቻው ከጆሮ ጋር የሚያያዝበት ቦታ አይታይም። እንዲህ ያለ ምስል ለአዲስ ንድፍ መነሻ ሊሆን ይችላል። የወሎ ጥንታዊ ጌጥ ነው ብሎ ማሠራትና መሸጥ ግን ታሪክን ማበላሸት ነው።

መጠኑን ከምስሉ ማውጣት

በፎቶግራፍ ላይ የሚጎድለው ትልቁ ነገር ልክ ነው። ይሁንና አንዳንድ ፎቶግራፎች መለኪያቸውን በውስጣቸው ይዘዋል። ሴቶች በጠገራ ብር ላይ ማንጠልጠያ አስበይደው በአንገታቸው ያደርጉት ነበር። የጠገራ ብር ስፋት ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ልክ ስለማይለዋወጥ በምስሉ ላይ ጠገራ ብር ካለ የሌሎቹን ጌጦች መጠን ማስላት ይቻላል።

ለምሳሌ በታተመው ፎቶ ላይ ጠገራው 4 ሚሊ ሜትር፣ አጠገቡ ያለው የክታብ ማኅደር ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ቢለካ፣ የፎቶው አንድ ሚሊ ሜትር በእውኑ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ማኅደሩ እንግዲህ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነበረው ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ዕቃዎች ከካሜራው በእኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ጠገራውም ዘንበል ያላለ መሆን አለበት። ክቡ እንደ እንቁላል ሞልሞል ብሎ ከታየ ዘንበል ብሏልና ልኩ የሚወሰደው ረጅሙን ስፋት ይዞ ነው። ጠገራ ከሌለ የሰዓት ፊት፣ የሸሚዝ ቁልፍ ወይም የሰውየው እጅ ግምታዊ ልክ ይሰጣል።

መጠን የዋጋም ጉዳይ ነው። ደንበኛው «ከፎቶው ትንሽ ተለቅ ይበል» ሲል ክብደቱ የሚጨምረው በትንሹ አይደለም። አንድ መስቀል በርዝመት፣ በወርድና በውፍረት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 30 ግራም የነበረው 240 ግራም ይገባል። ውፍረቱ እንዳለ ሆኖ ርዝመቱና ወርዱ ብቻ እጥፍ ቢሆኑ እንኳ አራት እጥፍ፣ ማለትም 120 ግራም ይሆናል። ብዙ የደንበኛና የአንጥረኛ አለመግባባት የሚጀምረው ይህ አስቀድሞ ባለመሰላቱ ነው።

ከምስል ወደ ሥራ

የመጀመሪያው ተግባር ጌጡ በምን ዘዴ እንደተሠራ ከምስሉ መለየት ነው። በሰም ተቀርጾ የፈሰሰ ጌጥ ወፍራምና ጠርዙ ክብ ይላል፤ ጥላውም ሰፊ ነው። ከተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ብር የተቆረጠ ጌጥ ጠርዙ ስል ነው፤ ጥላውም ቀጭን ነው። በቀጭን የብር ሽቦ የተሠራ ጌጥ ደግሞ በመስመሮቹ መካከል ብርሃን ያሳልፋል። ዘዴው ካልታወቀ ቅርጹ ቢመሳሰል እንኳ ሲያዝ የሚሰጠው ስሜት ይለያል።

ቀጥሎ ንድፉ በወረቀት ላይ በእውነተኛ ልኩ ይነደፋል። ወፍራም ካርቶን ተቆርጦ ደንበኛው በአንገቱ ወይም በእጁ ላይ ቢሞክረው መጠኑ ያኔውኑ ይታወቃል። በምስሉ ላይ የማይታየው ጀርባ፣ ማንጠልጠያና መቆለፊያ እዚህ ላይ ይወሰናል። አንጥረኛው የአካባቢውን የቀድሞ አሠራር የሚያውቅ ከሆነ ጉድለቱን በዚያ ይሞላዋል፤ የማያውቅ ከሆነ ያን ክፍል አዲስ መሆኑን ለደንበኛው ግልጽ ማድረግ ይገባዋል።

ጌጡ የሚፈስስ ከሆነ ቅርጹ በሰም ይሠራል፤ በሸክላ ጭቃ ይሸፈናል፤ ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠው ብር ይገባል። ንጹሕ ብር 962 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ሰሙን አስቀድሞ መመዘን ዋጋን ለመተመን ይረዳል፤ አንድ ግራም ሰም በግምት ከ10 እስከ 11 ግራም ብር ይወስዳል። ደንበኛው ከመስማማቱ በፊት የሰሙን ክብደት ቢያይ የሚያስፈልገው ብር ስንት እንደሆነ ይረዳል።

የብሩ ጥራትም መታየት አለበት። «የጀርመን ብር» በሚል ስም የሚሸጠው ነጭ ብረት የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው፤ ብር የለበትም። ያለ ኬሚካል መለየት የሚቻልበት አንዱ መንገድ ውኃ ነው። ዕቃው መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ በክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ይመዘናል። የጠገራ ዓይነት ብር 102 ግራም ቢመዝን ውኃ ውስጥ 10 ግራም ያህል ይቀልለዋል፤ ያንኑ ያህል የሚመዝን ነሐስ ግን 12 ግራም ያህል ይቀልለዋል። ዘዴው የሚሠራው ግን ዶቃ ለሌለበትና ውስጡ ድፍን ለሆነ ዕቃ ብቻ ነው።

ዘመናዊ መሣሪያም እየገባ ነው። በኮምፒውተር የተነደፈ ቅርጽ በማተሚያ መሣሪያ በሰም ታትሞ ሊፈስስ ይችላል። በጨረር መቅረጫ ደግሞ የፎቶግራፍ ምስል በብር ገጽ ላይ ይቀረጻል፤ የሟች ወላጅን ፊት በአንገት ጌጥ ላይ ማስቀረጽ ለዚህ ምሳሌ ነው። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገሮች የኖረው ፎቶግራፍን በአንገት ማኅደር ውስጥ የመያዝ ልማድ አዲስ መልክ ነው።

ፎቶግራፍ ጌጥን ለመቅዳት ብቻ አይውልም። የግሸን አምባ መስቀለኛ ቅርጽ ከከፍታ በተነሣ ምስል ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚጓዘው ምእመን ግን በእግሩ ሲወጣ ሙሉውን ቅርጽ አያየውም። የሐይቅ ዳርቻ መስመር፣ የስፌት ሥራ ጥለት፣ የብራና ሐረግም በካሜራ ተይዘው ወደ ብር መስመር ሊለወጡ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ሥራ የአንጥረኛው የራሱ ንድፍ በመሆኑ ከቅጂ የተሻለ ዋጋና ስም ያስገኝለታል።

ሥራው የማን ነው?

አንጥረኛ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሥራቸው እየተፈለገ ራሳቸው ሲናቁ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ በአንድ ዐዋጅ አልጠፋም። በድሮ ፎቶግራፎች ላይ የመኳንንቱ ስም ተጽፎ የጌጡን ሠሪ ስም ማጣታችን የዚህ ውጤት ነው። ዛሬ የሚሠራ ጌጥ ጀርባው ላይ የሠሪው ምልክትና ዓመተ ምሕረት ቢኖርበት ያ ስሕተት አይደገምም። ሌላም ጥቅም አለው፤ አዲስ ሥራ ጥንታዊ ነው ተብሎ እንዳይሸጥ ያደርጋል።

ሕጉም ድርሻ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ዐዋጅ ቁጥር 410 የፎቶግራፍ ሥራን የሚጠብቅ ሲሆን የፎቶ አንሺው ኢኮኖሚያዊ መብት ምስሉ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ በቅርብ የተነሣን የሌላ ሰው ፎቶ በብር ላይ ቀርጾ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቃል። አዲስ የጌጥ ንድፍ የፈጠረ ባለሙያም በ1987 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 123 መሠረት የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ ሊጠይቅ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

በገዳማትና በመስጊዶች ያሉ ንዋያት ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይሻሉ። የካህን የእጅ መስቀል ጌጥ አይደለም፤ ፎቶ ለማንሣትም ሆነ ቅርጹን ለመውሰድ የገዳሙን ወይም የደብሩን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከመሸጥ ወይም ከማቅለጥ በፊት

ችግር ያጋጠመው ቤተሰብ ጌጡን አትሽጥ ሊባል አይችልም። ጌጡ የተቀመጠው ለክፉ ቀን ነውና። ሊደረግ የሚችለው ብሩ ሲሄድ ንድፉ እንዳይሄድ ማድረግ ነው፤ ለዚህም አንድ ተራ ስልክና ማስመሪያ ይበቃሉ።

ጌጡ በነጭ ወይም በግራጫ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በቀን ብርሃን፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይነካው ጥላ ሥር ይነሣ። ማስመሪያው ከጌጡ ጎን፣ በእኩል ከፍታ ይቀመጥ። ካሜራው ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ይያዝ፤ በጣም ከተጠጋ ቅርጹን ያጣምማል። ፊቱ፣ ጀርባው፣ ጎኑ፣ መቆለፊያውና የተሰበረ ወይም የተበየደ ቦታ ካለ እያንዳንዱ ለየብቻው ይነሣ። ከመነሣቱ በፊት በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈተግ፤ በጭረቱና በጥቁረቱ ውስጥ የአሠራሩ ምልክት አለ። ማጣሪያም አይጨመርበት። በመጨረሻም ሰው አድርጎት ይነሣ፤ ጌጡ በአንገት ላይ የት እንደሚያርፍና ከምን ጋር እንደሚደረግ የሚያሳየው ይህ ምስል ነው።

ከምስሉ ጋር ጥቂት መስመር ጽሑፍ መያዝ አለበት፦ በግራም የተመዘነ ክብደቱ፣ በአካባቢው የሚጠራበት ስም፣ ያደረገችው ወይም ያደረገው ሰው ስም፣ የቀበሌው ስም፣ ከማን እንደተወረሰ፣ የሠራው አንጥረኛ የሚታወቅ ከሆነ ስሙ፣ ምስሉ የተነሣበት ቀን። የስልክ ምስል ከስልኩ ጋር ስለሚጠፋ አንዱ ቅጂ በወረቀት ታትሞ ጽሑፉ ከጀርባው ይጻፍ፤ ሌላው በሩቅ ላለ ዘመድ ይላክ። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለመቀበል ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ቅጂ እዚያ ማኖር ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም። ከተሠራ ግን ብሩ ወደ ገበያ ቢሄድም የልጅ ልጅ ነገ አንጥረኛ ዘንድ ይዞት የሚቀርበው ፊትና ጀርባ፣ ልክና ክብደት፣ ስምም ያለው ንድፍ ይኖረዋል።